የባቲዋ ሴት

በ1998 ዓ.ም. በአንድ የሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ሳታውቅ ፎቶግራፍ አነሳኋት። ያን ጊዜ ፊልም የምትጎርስ አሮጌ ካሜራ ነበረችኝ፤ የጎረሰችውም ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ሴቲቱ ከፍየል ተራው ጠርዝ፣ ከግርግሩ ፈንጠር ብላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ በግራ እጇ የተጠቀለለ ገመድ ይዛለች። ዓይኗ ከፎቶው ውጭ ያለ፣ እኛ የማናየውን አንድ ነገር ያያል። ከበስተኋላዋ ገላጣ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከሜዳው ማዶ የደበዘዘ ኮረብታ አለ። ካሜራዬን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንሁና መንገዴን ቀጠልሁ። አላየችኝም፤ አላናገርኋትም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ፊልሙን ካሳጠብሁ በኋላ ፎቶውን ለወዳጆቼ ማሳየት ጀመርሁ። የመጀመሪያው ገና እንዳየው ‹‹ሰባ ሰባት ነው አይደል? ከየት አገኘኸው?›› አለኝ። ሌላዋ ወዳጄ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ‹‹አይ የኔ እናት! ምን ያህል ብትራብ ነው እጇን አፏ ላይ የጫነችው?›› አለች። ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ፎቶውን በእጁ እንደያዘ ስለ መሬት ሥሪት ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኝ። ሁሉም የተማሩ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ፣ አገራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ገመዱ የምን ገመድ እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ቆይቶ ደግሞ አንድ መጽሔት ፎቶውን ጠየቀኝና ሰጠሁ። ዝናብ ስለ መቅረቱ በሚያትት ጽሑፍ መካከል አወጡት፤ ከሥሩም ‹‹ሰማይ የጨከነባት እናት›› የሚል መግለጫ አኖሩበት። እናት መሆኗን ማን ነገራቸው? ሰማዩስ መቼ ጨከነ? ያን ዕለት ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን አልተከራከርሁም። የፎቶው ዋጋ ተከፍሎኛል፤ ስሜም በትንንሽ ፊደል ከጎኑ ታትሟል። የእሷ ስም አልታተመም፤ አላውቀውምና። ያ ዝምታዬ ከዚያ ወዲህ ያሳፍረኛል። ሆኖም ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሼ ሳጠናው ከእኔና ከዚያ መጽሔት በፊት የጀመረ፣ በዚህች አገር ፖለቲካ ውስጥም ትልቅ ሥራ የሠራ ነገር ሆኖ አገኘሁት። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው።

ባቲ በአዲስ አበባ ሰው አእምሮ ውስጥ ሁለት መልክ አላት። አንደኛዋ ባቲ ቅኝት ናት፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር በክራርና በማሲንቆ ላይ የምትኖር ባቲ። ሁለተኛዋ የመጠለያ ካምፕ ናት፤ የ1977ቷ ባቲ። ሰው የሚኖርባትን ሦስተኛዋን ባቲ ያያት ጥቂት ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሚሌ በኩል ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች፤ የዞኑ መቀመጫ ከሚሴ ነው። የሰኞ ገበያዋ በአገሪቱ ስማቸው ከሚጠራ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፤ አርጎባውም አለ። በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት በዚያ ብርቅ አይደለም። ገበያው መልኩም ብዙ ነው፤ የበርበሬው ክምር፣ የጀሪካኑ ቢጫ፣ የሴቶቹ ሻሽ። የእኔ ፊልም ይህን ሁሉ ወደ አመድማ ለወጠው። የሴቲቱ ሻሽ ብርቱካንማ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ በፎቶው ላይ ግን አፈር ይመስላል።

ቀለሙ ሲጠፋ ዓመቱም አብሮ ጠፋ። በፈረንጅ አገር ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የጥበብ ምርጫ ነው፤ ለእኛ ትውልድ ግን ዓመተ ምሕረት አለው። ስድሳ ስድስት ነው፣ ቀይ ሽብር ነው፣ ሰባ ሰባት ነው። ቴሌቪዥናችን በቀለም መሥራት የጀመረው በ1977 መባቻ፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብርና ኢሠፓ ሲመሠረት ነበር። ሰልፉና ሰንደቁ በቀለም ገቡ፤ በዚያው ዓመት የወሎ ገበሬ ያለቀበት ረሃብ ግን በአእምሯችን ውስጥ እስከ ዛሬ ጥቁርና ነጭ ነው። የሞሐመድ አሚን የኮረም ፊልም እንኳ በቀለም የተቀረጸ ሆኖ ሳለ፣ እኔ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሲያስታውሱት ቀለም አያስታውሱም። እንግዲህ ወዳጄ የ1998ቷን ሴት አይቶ ‹‹ሰባ ሰባት ነው አይደል?›› ቢለኝ የጠየቀው ፊቷን አይቶ አልነበረም፤ ግራጫውን አይቶ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛችን አንድ ነገር ልበል። እኛ ፎቶን ‹‹እናነሳለን››። ዕቃ ይነሳል፣ ልጅ ከወደቀበት ይነሳል፣ ጥያቄ ይነሳል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ የተነሳ ዕቃ ደግሞ ሌላ ስም አለው። ‹‹ፎቶ መነሳት›› ግን በወላጆቻችን ዘመን የተነሺውም ሥራ ነበር። ሙሉ ልብስ ይለበሳል፣ ፀጉር ይበጠራል፣ ፎቶ ቤት ተገብቶ ሥዕል ከተቀባው መጋረጃ ፊት ቀጥ ተብሎ ይቆማል። ከዚያም ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ይገለበጥና በጀርባው ላይ ‹‹ለማልረሳህ ወንድሜ ማስታወሻ ይሁንህ›› ተብሎ ይጻፋል፤ ቀንና ፊርማ ይጨመርበታል። በየቤታችን አልበም ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች ገልብጡና እዩ። መግለጫውን የሚጽፈው የተነሳው ሰው ራሱ ነበር። ሳያውቅ የተነሳ ሰው የሚያጣው የመጀመሪያው ነገር ይህ የፎቶው ጀርባ ነው።

ሳያውቁ የተነሱ ሰዎች ፎቶ በዓለም ላይ ትልቅ ክብር ያገኘ ጥበብ መሆኑን አልዘነጋሁም። የዚህ ጥበብ አባት የሚባለው ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ‹‹ወሳኙ ቅጽበት›› የሚል ግርማ ያለው ርእስ ተሰጥቶታል። የፈረንሳይኛው ርእስ ግን ፈቃድ የሌለው የጎዳና ቸርቻሪ ደንብ አስከባሪ እንዳይደርስበት እየተገላመጠ የሚሸጥበትን አኳኋን የሚያመለክት አነጋገር ነው። እኔ የፈረንሳይኛውን እመርጣለሁ፤ ባቲ ላይ የተሰማኝ እሱ ነውና። አሜሪካዊው ዎከር ኤቫንስ ደግሞ ከ1938 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ድረስ ካሜራውን በካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ የኒው ዮርክን የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎች አነሳ፤ በመጽሐፍ ያወጣቸው ግን በ1966 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ጠበቀ። እኔ ስድስት ወር እንኳ አልጠበቅሁም።

የኒው ዮርኩ ተሳፋሪ ፎቶ ቢበዛ አንድ ሰው ያሳፍር ይሆናል። ወሎ ውስጥ የተነሳ ፎቶ ግን መንግሥት ገልብጧል።

በ1965 ዓ.ም. በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ይዘዋቸው የመጡ ፎቶግራፎች በስድስት ኪሎ ግቢ ለእይታ ቀረቡ፤ ተማሪውም ተነሣ። መንግሥት ስለ ረሃቡ ትንፍሽ አላለም ነበርና እነዚያ ፎቶዎች ማስረጃ ነበሩ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ ‹‹ያልታወቀው ረሃብ›› የተሰኘ ዘገባ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። እንግሊዛዊው ተመልካች የተረዳው የተራበ ሰው እንዳለና ገንዘብ መላክ እንደሚገባ ነው፤ ላከም። የእኛ ሕዝብ ያንኑ ምስል በቴሌቪዥኑ ለማየት አሥራ አንድ ወር ገደማ ጠበቀ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ፣ ደርግ ፊልሙን አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። በተራቡት ሰዎች መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ፣ ብርጭቆ የጨበጡትን መኳንንት፣ ሥጋ የሚጎርሱትን የንጉሠ ነገሥቱን ውሾች እያስገባ ቀጠለው። አንዴ አጥንቱ የገጠጠ ሕፃን፣ አንዴ ኬክ። በዚያች ሌሊት ማን እንዳለቀሰና ማን ጥርሱን እንደነከሰ በዕድሜ የገፉ ዘመዶቻችንን ጠይቁ፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበርና ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነው ያየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

የሲኒማ ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሙከራ አለ። የሶቪየቱ ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ጭፍግግ ያለ ፊት ወሰደ፤ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ነው። አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ቀጥሎ፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ፣ አንድ ጊዜ ከቆንጆ ሴት ቀጥሎ አሳየው። ተመልካቹ ተዋናዩ ረሃብን፣ ሐዘንንና ፍላጎትን እንዴት አድርጎ እንደተጫወተ አደነቀ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። የደርግ መኮንኖች ኩሌሾቭን አንብበው ነበር ብዬ አላስብም፤ ሆኖም ዘዴውን አሳምረው ያውቁት ነበር።

እንዳይሳሳት ለምፈልገው አንባቢ ይህን ልጨምር። ሁለቱም ሥዕል እውነት ነበር። ረሃቡ ነበረ፤ ግብዣውም ነበረ፤ መንግሥት ረሃቡን መደበቁም እውነት ነው። ውሸት የተባለ አንድም ምስል በፊልሙ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ስፌት የሰፊው ነው። የወሎዋ ሴት ስለ ንጉሡ ምን እንደምታስብ፣ ስለ ባለ ርስቱ ምን እንደምታስብ፣ እህሏን ማን እንደወሰደባት የጠየቃት የለም። በፊቷ ላይ ፍርድ ተጻፈ፤ ፍርዱን ያነበበው አዲስ አበቤው ነው፤ ያስፈጸመው ወታደሩ ነው።

ፍርዱ ልክ ነበር የሚል ካለ ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነውን ይመልከት። በ1976 መጨረሻና በ1977 መጀመሪያ ላይ ያው ወታደር የራሱን ድግስ ደገሰ። አብዮት በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ጋዜጠኞች ወደ ወሎ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ያን ጊዜ የተራበውን ሰው ከድግሱ ጋር ቀጥሎ በቴሌቪዥን የሚያሳይ አልተገኘም፤ መቀሱ በደጋሾቹ እጅ ነበርና።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ካሜራው መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የሞሐመድ አሚንንና የማይክል ቡርክን የኮረም ዘገባ አሳየ፤ ዓለም ተንቀሳቀሰ። ከኮረም ቀጥሎ ስማቸው በፎቶ መግለጫ ላይ ደጋግሞ ከሚገኝ ቦታዎች አንዷ ባቲ ሆነች። ለምን ባቲ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ መልሱም ካርታው ላይ አለ። ኮረም ከደሴ ወደ መቀሌ በሚሄደው ዋና መንገድ ላይ ናት፤ ባቲ በአሰብ መንገድ ላይ ናት። የአሰቡን መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ሠራው፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የወደብ ዕቃ ያለፈበት መንገድ ነው። የተራበው ሰው እህል በጭነት መኪና የሚመጣበትን ያውቃልና ወደ መንገዱ ወረደ፤ ፎቶ አንሺውም በመኪና የሚደረስበትን ያውቃልና በዚያው መጣ። ሁለቱ የተገናኙት አስፋልት ዳር ነው። እንግዲህ ‹‹የኢትዮጵያ ረሃብ›› ብለን የምናውቀው ምስል ከመንገድ ዳር የተወሰደ ምስል ነው። ከመንገድ ሁለትና ሦስት ቀን በእግር ርቆ በየጎጆው ያለቀው ሰው ፎቶ የለውም። የሟቾቹ ቁጥር ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል፤ ግምቱ እንዲህ የተራራቀው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው።

የ1977ቱ ፎቶግራፍ ተመልካች ግን ከ1967ቱ የተለየ ነገር አነበበ። ቡርክ ረሃቡን ሲገልጽ መጽሐፍ ቅዱሳዊ የሚል ቃል ተጠቀመ። ነጠላ የለበሰች ሴት፣ የታቀፈች ሕፃን፣ አቧራ፣ ማለዳ፤ አውሮፓዊው በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ያየውን ሥዕል አስታወሰው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደግሞ ረሃብ ከሰማይ ይመጣል። ስለዚህ ጥፋተኛው ዝናብ ሆነ። በሰሜን የሚካሄደው ጦርነት፣ ከገበሬው በርካሽ የሚሰበሰበው እህል፣ ከዚያም ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው የተጋዘበት ሰፈራ በክፈፉ ውስጥ አይታዩም። እህል ፍለጋ ወደ ካምፕ የመጣ ሰው ለሰፈራ ተመዝግቦ በመኪና ሲጫን የሚያሳይ ፎቶ የተባዛበት ቁጥር፣ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች እናት ከተባዛችበት ጋር አይወዳደርም። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ስለ ሰፈራው አፍ አውጥቶ በመናገሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ካሜራ የሰው ከንፈር መድረቁን ያሳያል፤ ማን እንዳደረቀው አያሳይም። አንድ ዓይነት ፊት፣ በአንድ ዓይነት ሜዳ ላይ፣ በ1967 አንድ መንግሥት ጣለ፤ በ1977 ደግሞ ሌላውን መንግሥት ከጥያቄ አዳነ።

ከዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ነው። ኢኮኖሚስት ነበር፤ ሙያውን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ ገባ። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. ከዚያው የሐኪሞች ቡድን ጋር ሆኖ በኮረምና በሌሎችም የሳህል አገሮች ካምፖች በጥቁርና ነጭ ያነሳቸው በ1986 በፈረንሳይ በመጽሐፍ ታተሙ። ሳልጋዶ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አረፈ። አሜሪካዊቷ ሃያሲ ኢንግሪድ ሲሺ በ1991 እ.ኤ.አ. መከራን አሳምሮታል ስትል ወቅሳዋለች። እኔ በዚህ አልስማማም፤ አስቀያሚ ፎቶግራፍ የተራበ ሰውን የበለጠ ያከብራል ብዬ አላምንም። ሰውዬው ከሰዎቹ ጋር ለወራት ተቀምጧል፤ እኔ ለአንዲት ሰከንድ ነው የቆምሁት። ሱዛን ሶንታግ በ2003 ያነሳችው ወቀሳ ግን ይከብዳል። እሷ ስለ ስደተኞቹ ፎቶዎቹ ስትናገር በመግለጫው ላይ ስማቸው አለመኖሩን ነቀፈች። ዝነኛው ሰው በስሙ ይጠራል፤ ድኻው የሙያው፣ የጎሣው ወይም የመከራው ናሙና ሆኖ ይቀራል።

በ1936 እ.ኤ.አ. ዶሮቲያ ላንግ ያነሳቻት ‹‹ስደተኛዋ እናት›› የአሜሪካ የድህነት ዘመን መለያ ፊት ናት። ስሟ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኑ የታወቀው በ1978፣ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። አሜሪካ አርባ ዓመት ሙሉ እንደ ነጭ ገበሬ ሚስት አድርጋ ያለቀሰችላት ሴት የቸሮኪ ተወላጅ ነበረች፤ በፎቶውም ደስተኛ አልነበረችም። በእኛ አገር ከሰባ ሰባቱ ፊቶች መካከል ዓለም በስም የሚያውቃት መቀሌ ላይ በካናዳ ቴሌቪዥን የተቀረጸችው ብርሃን ወልዱ ናት፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ማዶና እጇን ይዛ መድረክ ላይ ቆማለች። ሌሎቹስ?

አንድ ጊዜ በመስቀል አደባባይ ዳር ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሜ ነው ይህ ነገር የከነከነኝ። ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ጉርድ ፎቶዎች ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማስታወሻ የተነሷቸው ናቸው፤ ሟቾቹ ቀጥ ብለው ያዩናል። ስም አላቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ ወንድም፣ እህትና የትግል ጓድ አላቸው። በዚያው አገዛዝ ዘመን ያለቀው የወሎ ገበሬ ግን ፎቶ እንጂ ስም የለውም። እኛ የተማርነው የራሳችንን ሙታን በስም፣ የገጠሩን በቦታ ነው የምናስታውሳቸው፤ ‹‹ኮረም››፣ ‹‹ባቲ››።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ነው ለሚል በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ባቲን ሲያዳርስ በማኅበራዊ መገናኛ የሆነውን ያስታውስ። የአንድ መንገደኛ ፎቶ በአንዱ ገጽ ተፈናቃይ፣ በሌላው ወራሪ፣ በሦስተኛው ሰላይ ይሆን ነበር። በዚያ ዞን ደግሞ የሰው ሽርጥና የጥምጣም አስተሳሰር ሳይቀር እንደ ብሔር መታወቂያ ይነበባል። መጽሔቱ ከፎቶዬ ሥር የጻፈው ምጽዋት የሚለምን መግለጫ ነበር፤ አሁን አሁን የሚጻፈው ግን ሰው ያስገድላል።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ተመልክቻለሁ። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይሰቀልም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። አንቀጽ 28 ደግሞ ጉዳዩ ሕዝብን የሚመለከት ከሆነ ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ባቲ ገበያ አደባባይ ነው። እንግዲህ ሕጉ ለእኔ ነው የፈረደው። ሰማይ ጨከነባት ብሎ ለመጻፍ ግን አንቀጽ አላገኘሁም።

በ2000 ዓ.ም. ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ፣ በካርቶን መሃል አድርጌ፣ ሴቲቱን ፍለጋ ወደ ባቲ ሄድሁ። ሰኞ ነበር። ፍየል ተራው ጋ የነበሩት ሰዎች አላወቋትም፤ በርበሬ ተራ ያሉት ሴቶች ናቸው ፎቶውን ከእጄ ነጥቀው የተቀባበሉት። ‹‹ፍየሏን ሸጣለች›› አለች አንደኛዋ ወዲያው፤ ገመዱን በጣቷ እየነካች። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓመት ያላገኘሁትን ነገር በሁለት ሰከንድ አገኘሁት። ‹‹ቀሪ ሒሳቧን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው የምትጠብቀው›› አለች ሌላዋ።

‹‹እጇንስ ለምን አፏ ላይ ጫነች?›› አልሁ።

ተያዩ። ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

‹‹እየሳቀችም አይደል እንዴ!›› አለችኝ የመጀመሪያዋ። ‹‹ሴት ልጅ ስትስቅ አፏን አትገልጥም።››

ሌላዋ ግን ‹‹የለም፣ ሒሳብ ነው የምትሠራው›› ብላ ተከራከረች። ፎቶውን ተቀብዬ አየሁት። ከዓይኗ ጥግ ያለው እጥፋት ሳቅ ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይም ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐዘን ሲመስለኝ የነበረ እጥፋት ነው።

‹‹ታውቋታላችሁ? ስሟ ማን ነው?›› ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። ሳቁ ቆመ። ‹‹ስሟን ምን ታደርገዋለህ?›› አለች በዕድሜ ተለቅ ያለችዋ። ላስረዳ ሞከርሁ፤ ስለ መጽሔቱ፣ ስለ መግለጫው፣ እንዲያውም ስለ ክብር ጭምር። ዝም ብላ ሰማችኝና ‹‹አብሽር፣ ክፋት እንደሌለህ ይታያል። ግን እኛ አገር ስም ተጽፎ ደግ ነገር የመጣበት ቀን የለም›› አለችኝ። ስም የተጻፈው ለግብር ነው፣ ለዘመቻ ነው፣ ለሰፈራ ነው። እነ ሶንታግ ያላሰቡት ነገር ይህ ነበር፤ እኔም አላሰብሁትም። ደብተሬን መለስሁ። ሴቲቱን እንደሚያውቋት ግን እርግጠኛ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ከአጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ፎቶውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ብርሃን ወዳለበት አዘንብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሴቲቱን አላዩም። ጣታቸው ከትከሻዋ በላይ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ሄደ። ‹‹ድንኳኑ እስከዚህ ድረስ ነበር›› አሉ። ጣታቸው ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አለና ቆመ። ‹‹እህቴን እዚህ ጋ ነው የቀበርናት።››

የምለው ጠፋኝ። እኔ ሜዳውን ያስገባሁት ገላጣ ስለሆነ፣ ሴቲቱ ጎልታ እንድትታይልኝ ብዬ ነበር።

‹‹ልጄ፣ ይህን ፎቶ ትሰጠኛለህ?›› አሉኝ።

‹‹ይውሰዱት፣ አባባ›› አልኋቸው።

‹‹እንዲህ አይደለም። ሴትየዋን አውጣትና ስጠኝ። የሰው ሚስት ከቤቴ ግድግዳ ላይ ምን ትሠራለች?››

አዲስ አበባ ስመለስ ፎቶውን ያለ እሷ አሳተምሁት። የቀረው ሜዳና ኮረብታ ብቻ ነው። አጣቢው ‹‹ምንም እኮ የለበትም፣ ልድገምልህ?›› አለኝ። በባቲ አውቶብስ ከመላኬ በፊት ገልብጬ ሽማግሌው የነገሩኝን የእህታቸውን ስም ጻፍሁበት፤ ከሥሩም ‹‹ኅዳር 1977›› አልሁ።